ቅንድቧን አይተሽ ነበር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ ለኒቪያክ፣ ኦታዋ።

እንዴት ነሽ? ልጅሽ ሊያስ እንዴት ናት፣ ያ ጉንፋን ለቀቃት ወይ? ወገብሽስ፣ ቢሮ ስትውዪ የምትቀመጪበት ወንበር አሁንም ያሳምምሻል? እኛ ተመስገን ደህና ነን። ሳይመኒ በረዶ ላይ የሚነዳው ሞተሩ ተበላሽቶበት ሰሞኑን ወጥ ቤቴን ጋራዥ አድርጎታል፤ ማንኪያ ስፈልግ ብሎን አገኛለሁ። ባሌ ነውና ችዬዋለሁ። ብርዱ ጋብ ብሏል፣ ፀሐይዋም አልጠልቅም እያለች ነው። ይህን ሁሉ ያስቀደምኩት እማዬ ጤንነቷን ሳትጠይቂ እንዳትቆጪያት ስላለችኝ ነው። ጠይቄሻለሁ። አሁን ልቆጣ።

የእማዬ ጥርስ ተሰብሯል። ያ አምና ኦታዋ ወስደሽ ያስተከልሽላት፣ ብረቱ በድዷ ሥር ጠቁሮ ይታያል፣ ነጩ ያምራል ብለሽ የመረጥሽላት ጥርስ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ከሱቅ ሥራዬ ስመለስ እንደ ልማዷ ወለሉ ላይ እግሯን ዘርግታ የጫማ ሶል ታለፋ ነበር። ከባሕር የምናድነውን የጢማሙን አቆስጣ ቆዳ መቼም አልረሳሽውም፤ ሲደርቅ ጣውላ ነው፣ ጠርዙ በጥርስ ታኝኮ ካልለሰለሰ መርፌ አይገባውም። ነክሳ ወደ ጎን ሳብ ስታደርገው ቀጭ አለ። እኔ መርፌዋ የተሰበረ መስሎኝ ነበር። እጄን ዘረጋሁላትና እንደ ዓሣ አጥንት መዳፌ ላይ ተፋችው። ግማሹ ይኸውና ኪሴ ውስጥ ነው፣ ግማሹ የታች መንጋጋዋ አጥንት ውስጥ ቀርቷል።

በዓመት ሁለቴ ወደ ጤና ጣቢያችን የምትመጣው የጥርስ ሐኪም ባለፈው ሳምንት ስትመጣ እማዬንም ስባሪውንም ይዤ ሄድኩ። መብራት ላይ አገላብጣ አየችውና ምን ስትበላ ነው የተሰበረው አለችኝ። ስትበላ አይደለም፣ ስትሠራ ነው አልኳት። ምን ስትሠራ? ጫማ። ብዕሯን አስቀመጠችና አየችኝ። ከዚያ ደህና አድርጋ አስረዳችኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ እንኳ ገብቶኛልና አንቺ አይጠፋሽም። ነጩ ሴራሚክ ነው፣ የሸክላ ዘር። ከላይ ወደ ታች ሲጫኑት የፈለጉትን ያህል ቢጫኑት ይችላል። ወደ ጎን ሲስቡት ግን መለመጥ አያውቅም፤ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ደህና መስሎ ይቆይና ባንዴ ቀጭ ይላል። ቲታኒየም የሚሉት ብረት ትንሽ ይለመጣል፣ ቢደክመውም ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ቀድሞ ይላላና ነገር እንዳለ ያስታውቃል። ጥርሶቹን የሚፈትን የሚያኝክ መሣሪያ አለ አለችኝ፣ ሚሊዮን ጊዜ ያኝካል። መሣሪያው ጫማ ሰፍቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ሌላም ነገረችኝ። ከራሳችን ጥርስ ሥር እንደ ፍራሽ ያለ ስስ ነገር አለ፤ ምን ያህል እንደነከስን የሚነግረን እሱ ነው። የተተከለው ጥርስ ግን ከአጥንቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እንደዚያ አይናገርም። ይህን ወደ ቋንቋችን መልሼ ስነግራት እማዬ፣ «ብዬ ነበርኮ፣ ይሄ ስኒ አያናግረኝም» አለች። ስኒ ነው የምትለው። ለማን እንዳለች ታውቂያለሽ። በስልክ ላንቺ ነው ያለችው፣ አንቺም ትለምጂዋለሽ አልሻት።

እስከዚህ ድረስ አልተናደድኩም ነበር። ሐኪሟ ከኦታዋ የተላከውን ፋይል ከፈተችና ጥርሱን የተከለው ሐኪም አስቀድሞ የጠየቀውን አነበበችልኝ። ጥርሷን ከምግብ ሌላ ለሥራ ትጠቀምበታለች ወይ ይላል። መልሱ፣ አትጠቀምም፣ የምትበላውም ለስላሳ ምግብ ነው። አስተርጓሚ፣ ልጇ። ኒቪያክ፣ ሁለት ጊዜ አስነበብኳት። የሌላ ሰው ፋይል ነው እንዴ ብዬ ስሟን አየሁ።

ለስላሳ ምግብ። በረዶ የሆነውን የአጋዘን ሥጋ እንደ ብስኩት የምትቆረጥመውን ሴትዮ።

ቤት ገብተን እማዬን ጠየቅኋት። በመንደሩ ሬዲዮ የቢንጎ ዕጣ እየተጠራ ነበርና ቁጥር አመለጠኝ እያለች ብዙ አደከመችኝ። በኋላ ካርዷን ገፋ አደረገችና፣ «እኔ ቅንድቤን አንስቼ ነበር» አለችኝ። በቃ ይህን ብቻ ነው ያለችው። ያ የኦታዋ ሐኪም የደቡብ ሰው ነው፣ እንደ እኛ በቅንድብ አዎ ማለት የት ያውቃል፤ እሱ የሚጠብቀው ያንቺን አፍ ነው። አንቺ ግን አጠገቧ ነበርሽ። አዎ ስትል አይተሻታል፣ አይተሽም አይደለም ብለሽ ተረጎምሽ።

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ ብዬ እሷንም ተቆጣኋት። «እናቴ ተናገረች፣ ምን ልጨምር?» አለችኝ። አንቺን ነው። የእናቷን፣ የአያታችንን ስም ይዘሽ ስለተወለድሽ ጡት ስታጠባሽ እንኳ «እናቴ ጠገብሽ ወይ» ትልሽ ነበር። እኔ ታላቅ ሆኜ እንኳ በዚህ ስቀናብሽ ነው ያደግሁት። ሰው እናቱን በባዕድ ፊት ዋሸች አይልም። ያንን ክብር ነው አንቺ የተጠቀምሽበት።

ለምን እንዳደረግሽው አይጠፋኝም። ኢቃሉት ከተማ ስትማሪ ልጆቹ የእማዬን ቆዳ የጨረሰው ጥርስ ፎቶ ላይ አይተው የሳቁብሽን ነግረሽኛል። ሐኪሙም ይስቃል ብለሽ ፈርተሻል። ግን ንገሪኝ እስቲ፣ በጃንዋሪ ደውለሽ ለሊያ ምርቃት ጫማ ስሪልኝ ያልሻት አንቺ አይደለሽም? ያለፈውን ጫማሽን ቢሮ አድርገሽው ሄደሽ ሁሉም አደነቀልኝ ያልሽውስ አንቺ አይደለሽም? ቆዳው በምን የሚለፋ መሰለሽ? የተሰበረችው የሊያን የቀኝ እግር ጫማ ስታለፋ ነው። ጫማው አያሳፍርሽም፣ ጥርሱ ያሳፍርሻል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገርሽ። የኦታዋው ሐኪምሽ ጥርሱ ጫማ ስትሠራ መሰበሩ ሲነገረው በደብዳቤ፣ ታካሚዋ ጥርሱን ያለ አግባብ ስለተጠቀመችበት ሌላ አልተክልም፣ ሥሩን አውጥቼ ተነቃይ ጥርስ እሰጣታለሁ ብሏል። በተነቃይ ጥርስ ሶል አይለፋም። እማዬ ያለ አግባብ የሚለውን ከሰማች ወዲህ ጥፋተኛዋ እሷ ሆና ቁጭ ብላለች። ቆዳዋን ጠቅልላ አልጋ ሥር ከተተችው። የመንደሩ ሬዲዮ ላይ ደውላ ለዘመድ ሰላምታ መላክም ትታለች፣ ስናገር ያፏጫል ብላ። ቤተሰቡ ወለሉ ላይ ካርቶን ዘርግቶ ጥሬ ሥጋ እየቆረጠ ሲበላ እሷ ሻይዋን ይዛ መስኮት ዳር ትቀመጣለች። የቀረውን ጫማ እኔ ልጨርስ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ የጫማው ጫፍ ያኮረፈች አሮጊት ከንፈር መሰለ። እማዬ አየችው፣ እንደምታውቂያት ለመሳቅ አፏን ከፈተች፣ ከዚያ በእጇ ሸፈነችው።

የእኛዋ ሐኪም እማዬ አምና አዎ ብላው እንደነበር ካወቀ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል ትላለች። ሁለት ቲታኒየም ጎን ለጎን ተክሎ አንድ ላይ ቢያስራቸው ስበቱን ይካፈሉታል፤ ብረቱም ቢሆን ዘላለም ይኖራል ብላ ግን አልማለችልኝም። እማዬ ሻካራውን ቆዳ በመፋቂያ ብረት ለማልፋት፣ ጥርሷን ለጠርዙ ብቻ ለማዋል እሺ ብላለች። «ይሰበርም እንደሆነ፣ ምን ሲሠራ እንደተሰበረ ይታወቅ» ነው ያለችው።

ሜይ አሥራ አራት ቀን ከእሱ ዘንድ ቀጠሮ አላት። ሌላ አስተርጓሚ ልጠይቅላት ብዬ ነበር፣ እምቢ አለችኝ። እናቴ እያለች ምን በወጣኝ አለች። ስለዚህ እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ እሱም ያንኑ ይጠይቃል። ወረቀቱን አትይ፣ እሱንም አትይ። ግንባሯን እዪ። ያየሽውን ተናገሪ፣ አምና ያልሽውም ውሸት እንደነበረ ባንቺው አፍ ንገሪው። ይስቅ እንደሆነ ይሳቅ።

ያለቀውን የግራ እግር ጫማ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሊያ ትሞክረውና ልኩን ትንገረን። አንዱን ብቻ ለምን ላካችሁ ካለችሽ፣ መልሱን ለእኔ አትተዪው።

ለሊያ በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ። ሳይመኒ ዘይት በነካው እጁ ሰላም ብሎሻል። እማዬ አሁን አጠገቤ ናት፣ ምን ጻፍሽ ትለኛለች። ሰላምታ ብቻ ነው አልኳት። አላመነችኝም። ለእናቴ፣ አልተቀየምኩሽም በይልኝ ብላለች።

እሷ ናት ያልተቀየመችሽ። እኔ ገና ነኝ።

እህትሽ ካውናክ
ኢግሉሊክ፣ ኤፕሪል 19 ቀን 2019