በኪስህ ስለያዝኸው ስልክ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ወንድሜ ኑርሑሴን። እንዴት ከረምህ? ጤናህስ? ያ የጀርባህ ሕመም ክረምቱ ሲገባ ተነሣብህ ወይስ ዘንድሮ ማረህ? ሱምያና ልጅህ ሙአዊያ ደህና ናቸው? የዱከም ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አልሐምዱ ሊላህ ሁላችንም በጤና አለን፤ የእማማ ጉልበት ብቻ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሰማዩ ቀድሞ ይነግረናል።

አንድ የሚያሳፍር ነገር ላጫውትህ። ትናንት ስትደውልልኝ ሱቁ ውስጥ ነበርሁ። ስምህን ሳየው ከባንኮኒው ሥር ቁጭ አልሁ፤ የምታየኝ ይመስል። ይህን የምታህል ሴት፣ ስልክ ሸጣ የምታድር ሴት፣ ስልክ ፈርታ ተደበቀች! ደንበኛ ገብቶ «ምን ጠፍቶሽ ነው?» ቢለኝ «ጉትቻዬ» አልሁት። ጉትቻዬ ጆሮዬ ላይ ነው። በድምፅ ልነግርህ ስላቃተኝ፣ የአጎታችን ልጅ አብዱልከሪም ነገ ወደ እናንተ ይመጣልና ይህን በእጁ ሰደድሁልህ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካችሁ አዲሱን ንሥር ስልክ ሲያወጣ «መስኮቱ ላይ ከፊት አድርጊልኝ» ብለኸኝ አልነበር? ወላሂ አድርጌ ነበር። አባታችን በሕይወት ሳሉ ሱቃችን ከንሥር ሌላ ስልክ አያውቅም ነበር። ጥሎሹ ውስጥ ንሥር ከሌለ የሙሽራዋ ፊት አይፈታም፤ የጣና ደሴቶች መነኮሳት ሳይቀሩ ከጀልባ ወርደው ቀጥታ ወደ እኛ ነበር የሚመጡት። አሁን ግን የዩኒቨርሲቲው የፔዳ ግቢ ተማሪዎች ሲቀልዱ ብትሰማ! አንዷ አዲሱን ንሥር አንሥታ ራሷን ፎቶ አነሣችና «ይሄ ካሜራ እናቴን አስመሰለኝ፤ እናቴ ደግሞ ቤት አለችልኝ» ብላ መለሰችልኝ። ጀልባ ቀዛፊው አካሉ ብቻ ነው ዛሬም በንሥር የሚምል። ሐይቅ ውስጥ ጥሎት፣ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ካሰጣው በኋላ እንደ ዶሮ እንደ ጮኸለት ለተሳፋሪው ሁሉ ያወራል። ግን እሱም ያንኑ አሮጌውን ይዞ አለ እንጂ ሌላ ገዝቶ አያውቅም። የማይሞት ዕቃ የሠራ ሰው በምን ይብላ?

እናም አዲሱን ንሥር ወደ ታችኛው መደርደሪያ አወረድሁት። መስኮቱን ለባላንጣችሁ፣ ለዚያ ባለ ሰፊ መስታወት ስልክ ሰጠሁት። ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው፤ ትልቁ ገና ነው።

ማክሰኞ ዝናቡ ሲወርድ አንድ ሰው ገባ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የረጋ ሰው ነው። «ለእናቴ ስልክ ፈልጌ ነበር፤ ንሥር ይሻላል ይሉኛል» አለኝ። ያው ንግድ ነውና አፌ ተፈታ። «እናትዎን የሚወዱ ከሆነ ይተዉት! ወንድሜ እዚያው ንሥር ፋብሪካ የፈረቃ አለቃ ነው፤ እሱ እንኳ በኪሱ የሚይዘው ይሄንን ነው» ብዬ ባለ መስታወቱን አቀበልሁት። በዚህ ባበቃ ምን ነበረበት! ለዒድ የላክህልንን ፎቶ አወጣሁለት፤ የፋብሪካውን ጃኬት ለብሰህ፣ ያን ስልክ ይዘህ የምትስቅበትን። ሰውየው አተኩሮ አየውና «ማን ይባላል? አውቀው ይሆናል» ቢለኝ ስምህን ከነአባትህ ከነአያትህ ዘረገፍሁለት። ምንም አልገዛም። ዝናቡ ሲያባራ «እኔ የንሥር የሽያጭ ክትትል ሠራተኛ ነኝ» ብሎኝ ወጣ።

«ግማሹን ሰው ቀንሰዋል፤ አሁን የሚፈልጉት ሰበብ ነው። የሌላ ድርጅት ስልክ ይዞ የተገኘ ሠራተኛ ሰበቡን በገዛ እጁ ሰጣቸው ማለት ነው» ያልኸኝ ያኔ ትዝ አለኝ። ስልኩንስ ማን ሰጠህ? እኔ! «ይቅርብኝ ጀሊላ፣ እንጀራዬ ነው» ስትለኝ «የእህትህን ስጦታ ልትመልስ ነው?» ብዬ ያኮረፍሁብህ እኔ ነኝ። አንተ እኔን ላለማስከፋት ተሸክመኸው ዞርህ፤ እኔ ደግሞ ለማላውቀው ሰው እንደ ቀልድ አወራሁት። ልጁ ለመስከረም ትምህርት ቤት ሊገባ መሆኑን ሳስብ የበላሁት አይወርድልኝም።

ለእማማ ስነግራቸው «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ተነሺና ሰውየውን ፈልጊው» አሉኝ። የወረታን ሱቆች አይቶ መመለሱን ሰማሁና ዛሬ ጠዋት ሐይቁ ዳር ሻይ ሲጠጣ አገኘሁት። «ስልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አይሆንም ብሎኝ ነበር» አልሁት። «እህቴ፣ እኔ የሰማሁትን ነው የማቀርበው» አለኝ። «እንግዲያው ይህንንም ሰምተዋልና ያቅርቡት!» አልሁት። ትንሽ ሳቀ። «ለመሆኑ የኛን ስልክ ለምን ታች አወረድሽው?» ሲለኝ የተማሪዎቹንም የአካሉንም ነገር ሳልደብቅ ነገርሁት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አዳመጠኝ። ሲነሣ ግን «ቃል አልገባልሽም፤ ሰኞ ለአለቆቼ የማክሰኞውንም የዛሬውንም እነግራለሁ» ብሎ መልሳቸውን ሊያሳውቀኝ ቁጥሬን ወስዶ ሄደ።

ስለዚህ እሱ ሳይቀድምህ አንተው ለአለቃህ ንገረው። «እህቴ ናት በግድ የሰጠችኝ» በል፤ እውነት ነው። ስልኩን ለአብዱልከሪም ስጥና መልሰው፤ አልቀየምህም። አንተ ብትቀየመኝ ግን ይገባኛል።

ሱምያን ሳምልኝ፤ ነገሩን ቀስ ብለህ አንተው ንገራት፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው። ሙአዊያን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። እማማ «ከዱዓ አልተነሣሁም በይው» ብለዋል። አብዱልከሪም ምንም አያውቅምና አትጠይቀው። ሰኞ ሰውየው ሲደውል ያለኝን በዚያችው ሰዓት እነግርሃለሁ፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ካንተ በቀር ለማንም ሳላወራ።

እህትህ ጀሊላ
ባሕር ዳር፣ ዓርብ ሐምሌ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.