ለአርባሽ የገዛሁት ሱሪ

ውድ ልጄ ዛምቢላ፣

እጄ ከብዕር ጋር እንደማይስማማ ታውቂያለሽ። ይህን ገጽ ለመሙላት ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የምጽፈው በሕይወት ሳለሽ በአፌ ልነግርሽ ይገባኝ የነበረውን ነው።

አስተማሪሽ ቤታችን የመጣች ቀን ትዝ ይልሻል? ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ሰው ጂፕሲ እያለ ስለሚጠራው ስለ ሮማ ሕዝብ ማንነት ጥናት የምትሠሪበት ጊዜ ነበር። «እርስዎስ ራስዎን ምን ብለው ይጠራሉ?» ስትለኝ፣ «እኔማ ሮማንያዊት ነኝ፤ ሮማ የሆነው አባቷ ነው» አልኳት። የሮማ መዳብ ቀጥቃጭ ልጅ፣ በመዶሻ ድምፅ ያደግሁ እኔ። አንቺ ሻይሽን አማሰልሽ እንጂ አላጋለጥሽኝም። ከዚያ በኋላም አላነሣሽብኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

አርባሽን ባለፈው ቅዳሜ መንደር፣ በአያትሽ ግቢ አወጣን። በደንባችን መሠረት በአንቺ ዕድሜ ያለች ሴት ከራስ እስከ እግሯ አዲስ ልብስ ለብሳ በአንቺ ቦታ ተቀምጣ ትበላለች፤ እሷ የለበሰችው በወዲያኛው ዓለም ለአንቺ ይደርሳል። የአጎትሽ ልጅ ቮይካ ተመረጠች። ልብሱን መግዛት የእኔ ፋንታ ነበር፤ ከሲቢዩ ከተማ ሰማያዊ ሱሪና ነጭ ሹራብ ገዛሁ። አስተማሪሽ እንደምትመጣ ሰምቼ ነበር። አንቺንም እኔንም ከመንደሩ ዘመዶቻችን የተለየን አድርጋ እንድታየን ፈለግሁ።

አያትሽ ሱሪውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው አዩት።

«ራቬካ፣ ይሄ ለማን ነው?»

«ለዛምቢላ ነው፣ እማማ። የምትለብሰው እንደዚህ ያለ ነበር።»

«አንቺ ቤት ነዋ። እዚህ ስትመጣ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቀሚሴን አምጡልኝ ነው የምትለው። ዝቅ ብለሽ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ታዪ ነበር።»

ቮይካ ደግሞ፣ «እኔ አማቴ ፊት ሱሪ ለብሼ ልቀመጥ? የሷን አርባ ስናወጣ የኔን ሣልስት ልታወጡ ነው እንዴ» አለች። ሴቶቹ ሳቁ።

ቀሚስ እንዳለሽ አላውቅም ነበር፣ ልጄ። እኔ ሮማነቴን ከጎረቤት ስደብቅ፣ አንቺ ቀሚስሽን ከእኔ ትደብቂ ኖሯል።

ያንቺው ቀሚስ እንዳይለበስ፣ ደንቡ አዲስ ልብስ ይሁን ነው የሚለው። አያትሽ ከሣጥናቸው አበባ ያለበት ጨርቅ አውጥተው ከነመርፌው ጭኔ ላይ አኖሩት። «ሰው ይጠብቃል። እናቷ ነሽ፣ አንቺ ትሰፊዋለሽ» አሉኝ። ሽንሽን ሰፍቼ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። በጎመን የተጠቀለለው ሥጋ ቀዘቀዘ፤ ግቢው በሙሉ ጣቴን ያያል። አጎትሽ «የከተማ እጅ ነው፣ ታገሡት» አለ። ማንም አልሳቀለትም። በግራ በኩል ሽንሽኑ ተንጋደደብኝ፤ ፈትቼ ልሰፋው ስል አያትሽ እጄን ያዙና «ይበቃል» አሉኝ።

ቮይካ ለብሳ ተቀመጠች። ሳህኑን አቅርቤ «ይህ የዛምቢላ ይሁን» ማለት ነበረብኝ፣ በቋንቋችን። በሰው ፊት ተናግሬው ስለማላውቅ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። አልኩት። ቮይካ መብላት ስትጀምር እግሬ ራሱ ወደ አስተማሪሽ ወሰደኝ።

«ያኔ ዋሽቼዎታለሁ» አልኳት። «እኔም ሮማ ነኝ። አባቴም፣ እናቴም።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አውቃለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «የዚያን ዕለት ደረጃውን ስንወርድ ዛምቢላ ነግራኛለች። ‹እናቴ ራሷ እስክትናገር ድረስ እንዳላወቁ ይሁኑልኝ› ብላ ለመነችኝ።»

ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ነውሬን ሸፍነሽልኝ፣ አንድ ቀን በራሴ አፍ እንድናገር ስትጠብቂኝ ኖርሽ። ሆስፒታል አልጋሽ አጠገብ ተቀምጬ እንኳ ጊዜ ነበረኝ። የአየሩን ሁኔታ ሳወራልሽ ዋልኩ።

ዛሬ ጠዋት የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ አግኝታኝ፣ «የልጅሽ አርባ እንዴት ዋለ?» አለችኝ። ስለ ቮይካ ነገርኳት፣ ስለ ቀሚሱም ነገርኳት። «እንዲህ የሚያደርጉት እነማን ናቸው?» አለችኝ። «እኛ ነን» አልኳት። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ፤ ግን ቃሌን አላጠፍኩም።

ዘገየሁብሽ፣ ልጄ።

እናትሽ ራቬካ