ስምህ የተጻፈበት ኮንክሪት

ውድ አባዬ፣

እዚህ አገር ወይዘሪት ሆነሃል። አትሳቅ፤ አትቆጣ። የተማሪዎች መመዝገቢያ ቢሮ የምትሠራው ሴት የቤተሰብ ስሜን ስትጠይቀኝ፣ እኛ ዘንድ እንዲህ የሚባል ነገር እንደሌለ፣ ከስሜ ቀጥሎ ያለው የአባቴ የራሱ ስም እንደሆነ አስረዳኋት። በትዕግሥት ሰማችኝና “ገባኝ፤ እንግዲያው የቤተሰብ ስምሽ እሱ ነው” ብላ ጻፈችው። ከዚያ ወዲህ የሚጠራኝ ሁሉ “ወይዘሪት” ይልና ያንተን ስም ያስከትላል። በተጠራህ ቁጥር፣ ያን ሲሚንቶ የጠገበ ኮትህን ለብሰህ፣ እርሳስህን ጆሮህ ላይ ሰክተህ ከኋላዬ የቆምክ እየመሰለኝ እዞራለሁ። የኔን ስም የሚያነሳ አንድም ሰው የለም። ካንተ ሸሽቼ ባሕር ተሻገርኩና አንተን ሆኜ አረፍኩት።

ሳትመርቀኝ ነው የመጣሁት። ታክሲው በር ላይ ቆሞ እማዬ “ኧረ ውጣና ልጅህን መርቃት” ስትልህ፣ ከመኝታ ቤት ሆነህ “ለተማረ ሰው ምርቃት ምን ያደርግለታል” ስትል ሰምቼሃለሁ። እንድሰማህ ነው የተናገርከው። እሷ ባንተ ፋንታ መረቀችኝ፤ ሻንጣዬን ሳይሆን እጄን ይዛ እስከ ታክሲው ሸኘችኝ።

ክፍሌ ጠባብ ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ወደ ጎረቤት ግንብ የሚያይ መስኮት። በገባሁበት ቀን ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣ ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥዬ ግድግዳውን ለካሁት። ዘሟል። ከማን የተማርኩት አመል እንደሆነ ታውቃለህ። ቱንቢ ብለህ ስም ያወጣህልኝ እኮ አንተ ነህ። ትዝ ይልሃል? ገና ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር። የቱንቢውን ክር ከሠራተኞችህ እጅ ነጥቄ ግድግዳው ላይ አንጠለጠልኩና “አባዬ፣ ጠማማ ነው!” ብዬ ጮህኩ። ሠራተኞቹ ሳቁብኝ። አንተ ግን ዝቅ ብለህ አየህ፤ ቀና ብለህም “አፍርሱት” አልክ። ግድግዳው ፈርሶ እንደገና ተሠራ። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ያ ሰውዬ የት ሄደ?

ስለ በረንዳው ተነጋግረን አናውቅምና አሁን ልናገር። የፎቁን ወለል፣ ሶሌታውን፣ የሞላችሁ ዕለት የድብልቁን ልክ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ስመጣ ፎርማንህ ቱቦውን ይዞ ሚክሰሩ ውስጥ ውሃ ይለቃል። “ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?” ስለው “አለቃን ጠይቂ” አለኝ። ጠየቅሁህ። “ደርቆ ለሠራተኛው አስቸገረ። ትንሽ ውሃ ማንን ገደለ?” አልከኝ። ውሃ የበዛበት ኮንክሪት ለማፍሰስ ይመቻል፤ ሲደርቅ ግን ውስጡ ወንፊት ሆኖ ይቀራል። ይህን ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ያስተማርከኝ ራስህ ነህ።

ድጋፉ ሲነሳ ከሶሌታው ጋር የተሞላው በረንዳ ተሰነጠቀና ጎበጠ። ሰው ሥሩ አለመኖሩ ተመስገን ነው። አሠሪው መጣ፣ አማካሪ መሐንዲሱ መጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከበበን። መሐንዲሱ “ልኩን ያወጣው ማን ነው?” ሲል እጅህን ዘረጋህ። ወደኔ። “የተማረችው እሷ ናት” አልክ።

ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ የገባህ አይመስለኝም። ፈርቼህ አይደለም። ልጅ አባቷን በሰው ፊት አታዋርድም ተብዬ ስላደግሁ ነው፤ አንተም ይህን አውቀህ ነው የተማመንክብኝ። ዝም እንደምል ባታውቅ ኖሮ ጣትህ ወደኔ አትዞርም ነበር። ከሳይቱ ተባረርኩ፤ ከዚያ በኋላ ያመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሁሉ “በረንዳ የጣለችው አንቺ ነሽ እንዴ?” ይለኝ ጀመር። አንዱማ እየሳቀ “እዚህ ጣሪያው ደህና ነው፣ እባክሽ አትንኪብን” ብሎ ሸኘኝ።

እሺ። አሁን ስለዚህኛው ኮንክሪት ልንገርህ፤ የምጽፍልህም ለሱ ነው።

የሚያስተምሩን ፕሮፌሰር አዲስ ገቢዎችን በመጀመሪያው ቀን ላቦራቶሪ ሰብስበው አንድ ፈተና ሰጡን። ሁለት ሁለት እየሆንን ኮንክሪት እንድናቦካ፣ በብረት ሳጥን ሞልተን ኪዩብ እንድናወጣ፣ በሳምንቱ ማሽን ላይ ተጭኖ እንዲሰበር። “ሲሚንቶው አንድ ነው፣ አሸዋው አንድ ነው፣ ልዩነቱ እናንተ ናችሁ” አሉን። “ካስቀመጥኩት ልክ በታች የተሰበረበት ከኔ ጋር አይሠራም።” ከሳቸው ጋር ካልሠራሁ ነፃ የትምህርት ዕድሉ የለም። ዕድሉ ከሌለ ደግሞ መመለስ ነው፤ “በረንዳ የጣለችው” ወደምባልበት።

አብሮኝ የተመደበው ልጅ እንደኔው ከሩቅ አገር የመጣ ነው። ቁመቱ ከበሩ ስለሚበልጥ በልቤ ሸምበቆ ብዬዋለሁ። ስሌቱን እኔ ሠርቼ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩት፤ እሱ ማቡካት ጀመረ። ሳጥኖቹን ዘይት ቀብቼ ስመለስ ድብልቁ ያበራል። ያን አበራር ታውቀዋለህ አባዬ። 

“ምን ጨመርክበት?”

“ምንም። ትንሽ ውሃ። አካፋ አላስገባ ብሎኝ ነበር።”

“ትንሽ ስንት ነው?”

“ትንሽ ነዋ! እይው፣ አሁን እንዴት ቆንጆ እንደሚፈስ!”

ድብልቁ ያለበትን ጋሪ ያዝኩና ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ሁሉንም።

“አብደሻል እንዴ? ለሁለታችንም የተሰጠችን ይቺው ናት! ማንም አያውቅም ነበር እኮ!”

“ኮንክሪቱ ያውቃል” አልኩት።

የላቦራቶሪው ኃላፊ ጠና ያለች፣ ቆጣ ያለች ሴት ናት። በድምፁ መጣች። ሚክሰሮቹ አንድ በአንድ ቆሙ፤ ተማሪው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

“ማን ነው የደፋው?”

“እኔ ነኝ። ውሃ በዝቶበታል።”

ወለሉን አየች፣ ሰሌዳውን አየች። “ልኩን ያወጣው ማን ነው?”

ቃል በቃል ያው ጥያቄ ነው አባዬ። የእጅ ጽሑፌ ሰሌዳው ላይ፣ ከሱ በላይ ያንተ ስም። የሁሉም ዓይን ወደኔ ዞረ።  ግን ይህኛው አባቴ አይደለም፣ ለማንም ዝም አልልም ብዬ አፌን ከፈትኩ። ከመናገሬ በፊት ሸምበቆ ቀደመኝ። ድምፁ ከቁመቱ ጋር አይመጣጠንም፤ ቀጥኖ ነው የወጣው።

“የሷ ስሌት ልክ ነው። ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።”

ሴትየዋ ለአፍታ አየችው። የሚባረር መሰለኝ።

“ታዲያ ወለሉን ማን ያጥበዋል?”

“እኔ።”

“ሚክሰሩንም?”

“እሺ።”

“ከጨረስክ በኋላ መጋዘን ሂዱና እንደገና አስመዝናችሁ ውሰዱ። ከምሳ በኋላ ሚክሰሩ የሌላ ቡድን ነው። አልደረሰልንም ብትሉ አልሰማችሁም።”

በቃ። ይኸው ነው። ሰማዩ አልተደፋም። የማያውቀኝ ሰው፣ ምኔም ያልሆነ ሰው፣ መባረር እንዳለ እያወቀ “እኔ ነኝ” አለ፤ የከፈለውም ወለል ማጠብ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ አይምሰልህ። በንዴት ነው። “እኔ ነኝ” ማለት እንዲህ ቀላል መሆኑን ሳይ ነው ይበልጥ የተናደድኩብህ።

ወለሉን አብሬው አጠብኩ። እየሮጥን አቦካን። ሸምበቆ በየደቂቃው የውሃው ቧንቧ ጋ ሲደርስ “እኔ አልነካሁም፣ ምስክር ሁኚ” እያለ እጁን ያነሳል። ሳልወድ ሳቅሁ። የሌላው ቡድን ጋሪ በሩ ላይ ሲደርስ የመጨረሻውን ሳጥን እያስተካከልን ነበር። በማግስቱ ኪዩቦቹ ከሳጥን ሲወጡ ኃላፊዋ ቀለም ይዛ መጣችና ያንተን ስም ጻፈችባቸው። “የራሴን ስም ብትጽፊልኝስ?” አልኳት። “እዚህ የምትታወቂው በዚህ ነው” አለችኝ።

ኪዩቦቹ ሳምንቱን ውሃ ውስጥ ተነክረው ይቆያሉ። ኮንክሪት ሲቦካ ውሃ ሲበዛበት ይበላሻል፤ ከጠጠረ በኋላ ደግሞ ያው ውሃ ያጠነክረዋል። በየጠዋቱ እየሄድኩ ገንዳው ሥር ስምህን አየው ነበር። በመካከሉ እማዬ ደወለች።

“አሠሪው ፎቅ ሊጨምር ነው” አለችኝ።

“በየቱ ላይ?”

“በዚያው ላይ ነዋ። በረንዳውን አፍርሰው በአዲስ ስሌት ሠሩት። ሌላው ደህና ነው ተብሏል።”

“እማዬ፣ ውሃው የገባው እኮ በሶሌታው ሁሉ ነው። አባዬ ምን አለ?”

 “ሥራውን ለሱ ሰጥተውታል” አለችኝ።

እኔን ሲያባርሩ ጥፋቱ አብሮኝ የሄደ መስሏቸዋል። ጥፋቱ እዚያው ነው፤ የሰው ራስ ላይ። አንተም ልትጭንበት ነው።

በሳምንቱ ኪዩቡን ማሽኑ ሥር አስገቡት። ኃላፊዋ ስምህን ጮክ ብላ አነበበችና ማሽኑን አስነሳች። የሚሰማው የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወጣል። ከልኩ በታች ሳለ ጠርዙ ላይ ጠጠር ፈንጠር አለ። ሸምበቆ እጄን ጨመቀኝ። ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። አታምነኝም፤ “አይዞህ” አልኩ፤ ለድንጋይ፣ ባንተ ስም። ቁጥሩ ልኩን ነካ፣ አለፈ፣ እያዘገመም ወጣ። ከዚያ ጧ! አለና ጎኖቹ እኩል ረገፉ። ፕሮፌሰሩ ስባሪውን አገላብጠው “ሲሰበርም በወግ ነው የተሰበረው” አሉ፤ ወደኔ ዞረውም ስምህን ጠርተው “ሰኞ ጠረጴዛሽን ተረከቢ” አሉኝ።

ስምህ ያለበትን ስባሪ ለምኜ ወሰድኩ። አሁን መስኮቴ ላይ ነው።

እንግዲህ ስማኝ። አንተ ጥፋትህን በኔ ስም አስጻፍክ። እነሱ ሥራዬን ባንተ ስም ጻፉት። ያንተን ስም የመጣል ዕድል ነበረኝ፤ ውሃ የበዛበት ላይ ሊጻፍ ሲል ነው የደፋሁት። በእጄ እስካለ አይወድቅም። የኔ ስም ግን እዚያ አንተ እጅ ላይ ነው።

አሠሪው ዘንድ ሂድ። መሐንዲሱም ይኑር። “ውሃውን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ፣ ሶሌታው ይመርመር” በል። እንደገና “አፍርሱት” ማለት ትችላለህ፤ ስትል አይቼሃለሁ። ፎቁ መጨመር ሳይጀመር ካልተናገርክ እኔ ለመሐንዲሱ እጽፋለሁ፤ ከነስምህ፣ ከነስሜ። ያኔ አባቷን በሰው ፊት አዋረደች ይበሉኝ። ከዚያ ፎቅ ሥር የሚተኛ ሰው ካንተ ክብር ይበልጥብኛል፤ ካንተ ጋር የሚያስታርቀኝም ሌላ መንገድ የለም። ቀድመህ እንድትሄድ ስለምመኝ ነው መጀመሪያ ለአንተ የጻፍኩት።

ከተናገርክ በኋላ ደውልልኝ። ያስቀረህብኝ ምርቃት አለ፤ ያኔ ቆሜ፣ አሜን እያልኩ እቀበልሃለሁ። እስከዚያው ስልኬን አላነሳልህም።

ልጅህ፣
ቱንቢ