እመት ቢሆንስ እና «የለም» የተባለው ስህተት

አክስታችን ከሥራ የወጡት የሌለ ነገር እያዩ ነው የሚለውን ወሬ ወንድማቸው ትናንት ለቅሶው ላይም ደግመውታል። ይደግሙት፤ እኛ ከመጀመሪያው እንጀምር።

አክስታችን ከሰዓት ጠጋኝ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። በሒሳብ ተመርቀው በ1980 ዓ.ም. የባቡር መብራቶችን የሚቆጣጠር ሶፍትዌር በሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1984 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ልጅ ወለዱ፤ እናቷ የሞተችባትን የእህታቸውን ልጅም፣ የዚህን ጽሑፍ ጸሐፊ፣ አሳደጉ።

ሁለት ፕሮግራሞች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ አንዱ ሐዲዱ ባዶ መሆኑን አይቶ ገና ሳይዘው፣ ሌላውም ባዶ ነው ብሎ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ለሁለት ባቡር አረንጓዴ ይበራል። አክስታችን ይህን ለእኛ ለሁለቱ ልጆች ያስረዱን ወጥ ቤት ውስጥ በአንድ ወንበር ነው፤ «አንቺ እዪ፣ አንቺም እዪ፣ አሁን ተቀመጡ!» ሲሉን ተላትመን እንወድቃለን፤ እሳቸው ይስቃሉ።

እንዲህ ያለ ስህተት አለመኖሩን በሒሳብ ማረጋገጥ ድሮም ይቻል ነበር። መሐንዲሶቹ ግን ቀመር ሲያዩ እግሬ አውጪኝ ነው። አክስታችን ቀመሩን ከጀርባ አድርገው፣ መሐንዲሱ በጻፈው በራሱ ኮድ ላይ ማን ማንን ሊቀድም እንደሚችል አንድ ሳያስቀር የሚሞክር፣ ስህተቱንም «መጀመሪያ ይሄ አየ፣ ቀጥሎ ያኛው አየ» እያለ በተራ ቋንቋ የሚተርክ መሣሪያ ሠሩ። «ቢሆንስ?» ማለት ስለሚያበዙ ባልደረቦቻቸው «እመት ቢሆንስ» አሏቸው።

በ2001 ዓ.ም. መሣሪያው ያንኑ የወንበር ስህተት በመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ውስጥ አገኘ። ዋናው መሐንዲስ ለማጣራት ብለው በየእርምጃው መልእክት የሚጽፉ የኮድ መስመሮች ጨመሩበት። መስመሮቹ አንዱን ፕሮግራም አዘገዩት፣ ሽሚያው ቀረ፣ ስህተቱም ጠፋ። «የለም እኮ እትዬ፣ በዓይናችን አየን!» አሏቸው። አክስታችን ስህተቱን የደበቀው ማጣሪያው ራሱ ነው ቢሉ ማን ሰምቷቸው! መስመሮቹ በፕሮግራሙ ውስጥ ቀሩ፣ መሣሪያው ተዘጋ፤ እሳቸውም ወጡ።

ከዚያ ወዲህ የቀራቸው ምኞት ከእኚሁ መሐንዲስ አፍ «ልክ ነበሩ» የሚል ቃል መስማት ነበር። እኛ ልክ ነዎት ስንላቸው «እናንተማ ትወዱኛላችሁ» ይሉናል። በመጨረሻ ራሳቸውንም መጠርጠር ጀምረው ነበር።

በልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ሴት ልጆች ትተዋል፤ ወንድማቸውም አሉ። ነፍሳቸው «ቢሆንስ» ማለት በማያስፈልግበት ስፍራ ትረፍ።

ይህ ጽሑፍ ሊታተም ሲል ዋናው መሐንዲስ ሊያጽናኑን መጡ። አምና፣ አክስታችን በሕይወት ሳሉ፣ እነዚያ የኮድ መስመሮች ለፍጥነት ሲባል ተነሥተው፣ ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ፊት ለፊት መጥተው፣ ነጂዎቹ ለጥቂት አቁመዋቸዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ የሚሠራው በአክስታችን መሣሪያ ነው። «ልነግራቸው አፍሬ ነው» አሉን።

ቤታችን ከመሥሪያ ቤታቸው በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ብቻ ነው።