አንድ ሰርቨር፣ ሁለት አስነሺዎች

ለከተማችን የዓይን ሕክምና ማዕከል ዋና ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ማዕከሉ መጋረጃ ዘወትር አዲስ፣ እንቅልፍዎም ሰርቨራችሁ እንደሚተኛው ያለ አንዳች ሐሳብ ይሆንልዎ ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በመጠበቂያ ክፍላችሁ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጥበቃው ቀድሜ የምገኘው አሮጊት ነኝ።

የምመላለሰው ለራሴ አይደለም። ታናሽ እህቴን ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷታል። ሐኪማችሁ መርምረው ሳይውል ሳያድር ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላት አዘዋል፤ እርሳቸው ራሳቸው ግን ወሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ይዛወራሉ። ቀጠሮ በቃል መቀበል ኋላ ቀርነት ነው ተብሎ ሁሉም ነገር ወደ ድረ ገጽ ስለተዛወረ፣ የእህቴ ዓይን የሰርቨሩን መነሣት ይጠብቃል። ሰርቨሩ ደግሞ በተነሣ ቁጥር ይወድቃል። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ አሠራራችሁ ለተገልጋዩ ግልጽ እንዲሆን በመጠበቂያው ክፍል ግድግዳ ላይ ትልቅ ስክሪን ስለሰቀላችሁልን አመሰግናለሁ። ሰርቨሩ በየማለዳው ሲነሣ፣ ሲንገዳገድና ሲዘረር እያየን ወረፋው እንዴት እንደሚያልፍ አናውቀውም፤ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥገናው ትጋት። ገመዱ ተለወጠ፤ ቬንትሌተር ተገዛ፤ የማሽኑ ክፍል ቀለም ተቀባ፤ ፀሐይ እንዳይመታውም መጋረጃ ተሰቀለለት። ወረፋተኛው «አጥፍተህ አብራ» ብሎ ስም ያወጣለት ባለሙያችሁም ከማሽኑ ሥር ጠፍቶ አያውቅም። ሰርቨሩ በወደቀ ቁጥር ግን ስክሪኑ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትወጣለች። በባዕድ ቋንቋ ብትጻፍም ትርጉሟ «የጠየቃችሁትን በር ሌላ ይዞታል፤ ስለዚህ መነሣት አልቻልኩም» ማለት ነው፤ በር የምትለውም ሰርቨሩ ተገልጋዩን የሚቀበልበትን፣ ከአንድ በላይ አስነሺ የማያስገባውን መግቢያ ነው። እኔን ያስተማሩኝ መምህርት ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልስ የሚጀምረውን ልጅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቆሙት ነበር። የእናንተ ባለሙያዎች ግን ፊታቸው ወደ ግድግዳው ዞሮ፣ ጽሑፉም ግድግዳው ላይ ሆኖ አላነበቡትም።

ሦስተኛ፣ በሩን የያዘው ማን እንደሆነ ስላሳያችሁኝ። አግዳሚ ወንበሬ በሁለት ቢሮዎች መካከል ነው፤ በሙቀቱ ምክንያት የሁለቱም በር ክፍት ነው። ሁለቱ የኮምፒዩተር ክፍሎች ሲዋሃዱ ሰርቨሩን በማለዳ የማስነሣት ክብር ለማን እንደሆነ ሳይወሰን ስለቀረ፣ ኃላፊው ከቀኝ፣ ምክትላቸው ከግራ ሆነው እኩል ያስነሡታል። የቀደመው በሩን ይይዛል፤ የዘገየው ተይዟል ይባላል። የዘገየውም «እምቢ አለ! አጥፍተህ አብራው!» ብለው ይጮኻሉ። ማሽኑ ሲጠፋ የቀደመው የጀመሩትም አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ከወዲያኛው ክፍል «ደግሞ ማነው ያጠፋብኝ?» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ እንደገና ሁለቱም ያስነሡታል። የሚገላግላቸው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው። አባቶች «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለዋል፤ ሁለቱንም በአንድ ጉድጓድ ትከል ግን አላሉም።

ማስረጃ ይፈለግ እንደሆነ፣ ምክትሉ ጥርሳቸውን አሟቸው ያረፈዱበትን ዕለት ያስታውሱ። ሰርቨሩ ያን ቀን በአንድ ጊዜ ተነሥቶ ረፋዱን ሙሉ እንደ ሰው ሠራ፤ ኃላፊው ውጤቱ የመጋረጃው ነው ብለው ባለሙያውን አመሰገኑ። እኔም በስልኬ የእህቴን ስምና ዕድሜ ሞልቼ፣ ቀን መርጬ፣ «አረጋግጥ» የሚለውን ልነካ ጣቴን ሳነሣ ምክትሉ ጉንጫቸው እንዳበጠ ከች አሉ። «እኔ ሳልኖር ማን አስነሣው?» ብለው ገቡ፤ አስነሡ፤ በሩ ተይዟል ተባሉ፤ አስጠፉ። የእህቴም ቀን አብሮ ጠፋ። የሰው የጥርስ ሕመም እንዲያገረሽ የተመኘሁት በዕድሜዬ ያን ዕለት ብቻ ነው።

ይህንኑ ለኃላፊው በትሕትና ባስረዳቸው «እማማ፣ ይሄ እኮ ቴክኒካል ነገር ነው» አሉኝ። እማማ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። እውነት ልጄ ቢሆኑ ኖሮ ግን ከመቀመጣቸው በፊት ወንበሩ ላይ ሰው አለመኖሩን እንዲያዩ አስተምራቸው ነበር።

ልመናዬ አጭር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና፣ ከሁለቱ ሹማምንት ለአንደኛው ማለዳ የማስነሣት፣ ለሌላኛው ማታ የመዝጋት ክብር በደብዳቤ ይሰጣቸው፤ ከተቻለም ሐኪሙ ሻንጣቸውን ሳይዘጉ። ለመጋረጃው ደግሞ ጡረታ ይከበርለት።

በሩ እስኪለቀቅ ድረስ አግዳሚ ወንበሯን የማትለቅ፣
እጅግ አክባሪዎ፣
ከሁለቱ ቢሮዎች መካከል የምትቀመጠው አሮጊት

ግልባጭ፦ ለኃላፊው ጠዋት፤ ለምክትላቸው ከሰዓት በኋላ (እኩል ደርሷቸው እንዳይወድቅ)።

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለእህቴ አነበብኩላት። ሰምታ እንደጨረሰች፣ «እትዬ፣ ቀጠሮው የተገኘ እንደሆነ ተራዬን ለእነሱ ስጪልኝ። እኔስ የማላየውን የምታነቢልኝ አንቺ አለሽኝ፤ እነሱ ማን አላቸው?» አለች።