አውድማ ላይ ያወጣሁት ሚዛን

ማክሰኞ

አባባ ዛሬም አላናገሩኝም። እጃቸውን ሳስታጥባቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። እዚህ ቤት ስገባ ምራት ነበርኩ፣ እያደር ልጃቸው ሆንኩ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ባዳ ሆኜ አረፍኩት።

ጥፋቴን ልጻፈው። ሲጻፍ ያንስ ይሆናል።

ትናንት መምህር ሄኖክ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ነበር። የመምህራኑና የፋብሪካ ሠራተኞቹ የሸማቾች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ባቄላችንን በቀጥታ ከእኛ ከገበሬዎቹ ማኅበር ሊገዙ ክረምት ላይ ተስማምተናል። ዋጋው ቀድሞ ተቆርጧል፤ ምርት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው አይወርድም። በዚያ ላይ ለሰፈራችን የውሃ ምንጭ ግንብ ማሠሪያ የሚሆን ይጨምራሉ። የማኅበራችን ጸሐፊ እኔ ነኝ። ይህ እንዲሆን ከጎረቤላ ደብረ ብርሃን ስመላለስ ጫማዬ አልቋል።

ሄኖክ "ሥራውን ከመነሻው ማየት እፈልጋለሁ" አለ። እኔ ደግሞ ደስታው አናቴ ላይ ወጣና አዲሱን ሚዛን በአህያ አስጭኜ አውድማ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አባባና ሌሎቹ አዝርተው መጨረሳቸው ነበር። ባቄላው ተከምሯል። ባሌ ሽፈራው ከሩቅ ሲያየኝ በዐይኑ ተይ አለኝ። አልገባኝም። ጭራሽ ድምፄን ከፍ አድርጌ "ስንት ኩንታል የሚወጣው ይመስላችኋል?" አልኩ።

አውድማ ላይ እህል አይመዘንም። ስንት ሆነ ተብሎም አይጠየቅም። ቤት እስኪገባ ድረስ ሁሉም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚሠራው፤ አለዚያ በረከቱ ይሸሻል ይባላል። አላውቅም ነበር አልልም፣ እዚሁ አገር ነው ያደግኩት። ግን ሚዛን ሲባል ለእኔ የሚታየኝ የነጋዴው የደምሴ ሚዛን ነው። ከቤት ሙሉ የወጣ ጆንያ እዚያ ሲደርስ ይቀላል። ትክክለኛ ሚዛን ያመጣሁ ቀን እልል የሚሉልኝ መስሎኝ ነበር።

አባባ የሚያዘሩበትን ላይዳ ጣሉት። "በረከቱን አባረርሽው" አሉና ሄዱ። ሌሎቹ ክምሩን በገለባ ሸፍነው ተከተሏቸው። ሄኖክ "ምን ተፈጠረ?" ይለኛል፤ እኔ ምን ልበለው?

አባባ ለማን እንደሸጡ ሳያይ የሚሸጥ ሰው በዚህ ሰፈር የለም። ቅዳሜ ሊጭን የሚመጣው የሄኖክ መኪና ባዶውን ከተመለሰ ስምምነታችን አለቀለት።

ረቡዕ

ደምሴ መጣ። ወሬ እግር አለው፤ ደብረ ሲና ድረስ በአንድ ቀን ደርሶለታል።

አይሱዙውን መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ ወደ አውድማው ወረደ። ከሩቅ አየሁት። ዳር ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ፣ በለሆሳስ "በረከቱን ያብዛው" አለ። አባባም "አሜን" አሉት። ለእኔ ያጡትን ድምፅ ለእሱ አገኙለት!

እንዴት እንደተናደድኩ። ሌባው ወጉን ያውቃል፣ እኔ ሚዛኔ ትክክል ሆኖ ወጉን ረሳሁ። እሱ እኮ አውድማ ላይ ምንም አይመዝንም። ዝም ብሎ ያስጭንና የሚመዝነው መኪናው ሥር ነው፤ የሚዘርፈውም እዚያው ነው።

ዘንድሮ ከእኛ ዋጋ ትንሽ ጨምሮ ነው የመጣው። "እስከ ዓርብ ብቻ" ይላል። አምና በዚሁ ሰሞን ዋጋውን በግማሽ አውርዶብን፣ "ካልፈለጋችሁ መልሱት" ብሎ ነበር። ጎረቤቴን አስካለን ይህን አስታወስኳት።

"አውቃለሁ እታፈራሁ፣ አውቃለሁ" አለችኝ። "ግን ዛሬ በእጄ የሚሰጠኝ እሱ ነው። የአንቺዎቹ ቅዳሜ ይመጣሉ አልሽ፤ ባይመጡስ?"

ይመጣሉ አልኳት።

ሐሙስ

ጠዋት ሄኖክ ደወለ። መኪናውን ተከራይቷል። አባላቱ ለሁዳዴ ሽሮና ክክ ብለው ከደሞዛቸው ላይ እየቆረጡ ነው ያስቀመጡት። "ባቄላው ከሌለ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ሰው ፊት አታቁሚኝ" አለ። እውነቱን ነው።

ሚዛኑ አባባን እንዳስቀየመ ነገርኩት።

"ሚዛኑ ልክ ነው እኮ!" አለ።

"ልክ ነው። ያልሆነው ቦታው ነው።"

"እኔ ነኝ ያስቸኮልኩሽ" አለ። ጥፋቱን ተካፍሎ ስለወሰደልኝ ወደድኩት።

ሽፈራው እንዲያስታርቀኝ ለመንኩት። "በእሳትና በጭድ መሐል አልገባም" ብሎ ሳቀብኝ። ማን እሳት ማን ጭድ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠብቄ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። አነሡኝ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃላቸው "እኔን አይደለም የበደልሽው" የሚል ሆነ።

"ታዲያ ምን ላድርግ፣ አባባ? ድንጋይ ልሸከም?"

"ዝም በይ።"

"እሺ፣ ግን ለቅዳሜ..."

"ዝም በይ አልኩ። እህሉ ቤት እስኪገባ ዝም በይ።"

ድንጋዩ ይሻለኝ ነበር። እናቴ ድሮ ይህች ልጅ ስትሞት አፏ በሦስተኛው ቀን ነው የሚሞተው ትለኝ ነበር።

ዓርብ

ጉም። ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን እየታከከ ወጣና አውድማውን ዋጠው። ባቄላ ጉም ላይ ካደረ ይረጥባል፣ ይጠቁራል። የረጠበ ደግሞ ሄኖክም አይገዛም፣ ደምሴም ይጥለዋል። አባባ ጠዋት ተነሥተው ማንንም ሳይጠሩ ጆንያ መያዝ ጀመሩ። ሁሉም ወጣ። እኔም ወጣሁ።

ለማን እንደሆነ አልተናገሩም። መጠየቅ አልችልም። ጆንያ እይዛለሁ፣ አፉን እሰፋለሁ፣ አህያ እነዳለሁ። ልቤ ግን ይጮኻል፦ ለማን ነው? ለማን ነው? የሽፈራውን ፊት አየሁ፣ እሱም አያውቅም። አንድ ጊዜ ከአባባ ጋር ዐይን ለዐይን ተያየን። ምላሴን ነከስኩ። የሳቁ መሰለኝ፤ ጉም ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ደምሴ መንገድ ዳር ጥሩምባውን እየነፋ ዋለ። ስምንት ሰዓት ገደማ አስካለ በአጠገቤ አለፈች፣ አህያዋ ወደ መንገዱ ነው የሚሄደው። ቆም አለችና "አትቀየሚኝ፣ ሁሉንም አይደለም" አለች። መጮኽ አማረኝ። ቃል ስላለብኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅኩላት። አሁን ሳስበው ዝምታው ጠቀመኝ፤ ብናገር ኖሮ ነገ ዐይኗን ማየት አልችልም ነበር። እሷስ ምን ታድርግ? ጸሐፊዋ አውድማ ላይ ያበላሸችበት ማኅበር ምን ያስተማምናል?

ከእሷ ኋላ ሌሎችም ሄዱ። ሲመሽ የአይሱዙው ድምፅ ወደ ደብረ ሲና ወረደ። ምን ያህል እንደጫነ አላውቅም።

የእኛ ባቄላ ቤት ገብቷል። አባባ ከላዩ አንድ ቁና አንሥተው ለቤተ ክርስቲያን ለዩ። ከዚያ ተኙ። ለማን ነው?

ቅዳሜ

መኪናው ደረሰ። ሄኖክ ሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች ይዞ መጥቷል፤ ለመጫን ሊያግዙ ነው፣ የዕረፍት ቀናቸውን ሰጥተው። ሚዛኑን የማኅበራችን መጋዘን በር ላይ አቆምኩት። ማንም የለም። ሄኖክ ሰዓቱን ያያል፣ እኔ መንገዱን አያለሁ። አንደኛው ሠራተኛ "ሰዎቹ ነገራችንን ረስተውት ይሆን?" አለ።

አባባ ብቅ አሉ። አህዮቹን ከፊት አስቀድመው ቀስ እያሉ ነው። መጋዘኑ ዘንድ ሲደርሱ ሚዛኑን ዞረው አዩት።

"እዚህ ነውር አይደለም" አሉ ለሄኖክ። "ቤት ገብቶ አድሯል። መዝኑ።"

ሄኖክ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔ ወደ መጋዘኑ ገብቼ አለቀስኩ፣ ፊቴን ጠርጌ ወጣሁ። ከእሳቸው ኋላ ሌሎቹ መጡ። አስካለም ከቀራት ይዛ መጣች። የጆንያው ክብደት ሲነገራት "እንደገና" አለች። እንደገና መዘንን፤ ያው ነው። "አምና ይሄ ሁሉ የት ገብቶ ነበር?" ብላ ተሳደበች። ማንን እንደምትሳደብ ሁሉም ያውቃል።

ግን መኪናው አልሞላም። አባባ ያመጡት የባቄላቸውን እኩሌታ ብቻ ነው። እሳቸውን ያየ ሁሉ እኩሌታውን አመጣ። ሄኖክ ከፈለ፣ የምንጩንም ጨመረ፣ አመሰገነ። ፊቱ ላይ ግን የቅሬታ ጥላ ነበር። "የጫንነው ለአባላቱ አይበቃም" ብሎኝ ሄደ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አባባ ራሳቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"እኩሌታውን ለምን እንዳስቀረሁ ገባሽ?"

"ስላላመኑኝ ነው" አልኩ። ዝምታዬ አልቋል፣ እህሉ ቤት ገብቷል።

"አሁንም አፍሽ ይቀድምሻል። አባቴም እኔም በታኅሣሥ ጠርገን የምንሸጠው ነገ ይወድቃል ብለን ነው። ከዚያ ለዘር በእጥፍ እንገዛለን። ዘንድሮ ዋጋው አይወርድም አላችሁ። ካልወረደ ምን አስቸኮለኝ? ቤቴ ይቀመጥ። ለሁዳዴ ይውሰዱት።"

ዋጋው አይወርድም ብዬ ስብሰባ ላይ ስንት ጊዜ ተናግሬያለሁ፤ እንዲህ አድርጎ የተጠቀመበት ግን የለም። እኔም ራሴ አላሰብኩትም።

ወዲያው ለሄኖክ ደወልኩ። ከአባላቱ ጋር ተማክሮ መልሶ ደወለልኝ። ሁለት ጊዜ መጫን ወጪ ነው ያሉ ነበሩ፤ የመኪናውን ኪራይ አባላቱ ተካፍለው ሊችሉት ተስማሙ። ለሁዳዴ ይመጣሉ፣ በዚያው ዋጋ።

ለአባባ ነገርኳቸው።

"ቢወድቅም በዚያው?"

"ቢወድቅም።"

"ቢወጣስ?"

ይህን ግን አላሰብኩትም ነበር። ሁዳዴ ሲደርስ የባቄላ ዋጋ ሁልጊዜ ይወጣል።

"ቢወጣም በዚያው ነው" አሉ ራሳቸው። "እነሱ ሲወድቅ ካልከዱኝ እኔ ሲወጣ ልክዳቸው ነው?"

እሳቸውን አምናለሁ። ነገር ግን እኩሌታ እኩሌታውን ይዞ የተቀመጠው ሰፈሩ ሁሉ ነው። ደምሴም ሁዳዴ መቼ እንደሚገባ፣ ዋጋውም መቼ እንደሚወጣ ያውቃል።