ምርቃቱ እስኪያልቅ

መቱ፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፷፩ ዓ.ም.
ለልጄ ለነመራ ደበሳ
ሆላንድ አገር

ዓይኔ ነመሬ፣ እንደምን ሰነበትክ? በዚያ ብርድ ደረትህን ሸፈን አድርገህ ትውላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ኮትህን ከፍተህ ነው የምትሄደው? እኛ አምላክ ይመስገን በሕይወት አለን። አባትህ ቢጽፈው ኖሮ «ሁላችንም ደህና ነን» ብሎ ያልፈው ነበር።

ጽሑፉ የእኔ መሆኑን ገና ከፖስታው ላይ ስታይ መደንገጥህ አይቀርም። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ፊደል ባውቅም እስከ ዛሬ የሚጽፍልህ እሱ ነው፤ እኔ ከጎኑ ተቀምጬ «ይህንንም በለው» ባይ ነኝ። አባትህ አልሞተም። ይህን አስቀድሜ ነገርኩህ፤ አሁን ቁጭ ብለህ አንብብ። እንዳልጽፍልህ ከልክሎኛል። «ልጁ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፤ በራሱም ይፈርዳል» አለ። አሁን ሽማግሌው ኦቦ ጅራታ ዘንድ ስለሄደ ነው ወረቀቱን ያወጣሁት። የጎሬው መኪና ነገ ጠዋት ይነሣል፤ ከአውሮፕላኑ ካልደረሰ ደግሞ ሌላ ሳምንት መጠበቅ ነው፤ ሌላ ሳምንት የምጠብቅበት አንጀት የለኝም።

ጽሑፌ ከተወላገደ ታገሰኝ፤ በየመካከሉ እየተነሣሁ በር ላይ እቆማለሁ። ከቡና ፋብሪካው የሚለየን የነተጂቱ ጓሮ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ። ጋኑ፣ አንተ ቦይለር የምትለው፣ ሲያፏጭ ልቤ ይዘላል። ፉጨቱ ሲጠፋ ደግሞ ይብስብኛል፤ «ምነው ዝም አለ?» እያልኩ ነጠላዬን አንሥቼ እወጣለሁ። ተጂቱ «እትዬ አስካለ፣ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ቁጭ ይበሉ» ትለኛለች። እስቲ እሷ ትቀመጥ።

ካቻምና ክረምት ሥራህን በደብዳቤ ያስረዳኸንን አልረሳሁትም። ፋብሪካው ገና ሳይተከል አንተ በቁጥር ትሠራዋለህ፤ አዳራሽ በሚያህል የሒሳብ ማሽን ውስጥ ታስገባውና የሌለ እሳት ታነዳለህ፣ የሌለ ውሃ ታፈላለህ። እኔ «ይኼማ እቃቃ ነው፤ ልጆች በጭቃ ድስት ወጥ የሚሠሩት ዓይነት» ብዬ ስስቅ አባትህ ተቆጣኝ። «እዚህ ጋኑን መቶ ጊዜ የማፈነዳው እዚያ አንድ ጊዜ እንዳይፈነዳ ነው» ያልከውን ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያነብ ከረመ። ያነበበላቸው ሰዎች ሳይሰለቻቸው አልቀረም።

ከዚያ ጠየቅከው። ውሃው ቢቋረጥ፣ እሳቱ ቢበዛ፣ ጠባቂው ቢተኛ፣ ሰክሮ ቢመጣ፣ ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢቀጠር፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ፤ እኔ ያላሰብኩት፣ እናንተ እዚያ ያላችሁት የምታውቁት ሌላ ነገር ካለ ንገሩኝ አልክ። አባትህ አስቦ አስቦ «ምንም የቀረህ የለም» ብሎ መለሰልህ። እኔም «አባትህ የሚጠብቀውን ጋን ማን ይደፍረዋል» የምትል አስጨመርኩ። ይኸው የቀረህን ዛሬ እየጻፍኩልህ ነው።

ፋብሪካው የተመረቀው የመስቀል ሰሞን ነው። እንግዳው ከጎሬም ከያዮም መጣ። ሥራ አስኪያጁ ጋሼ ገብረ መድኅን «እየሠራ ይዩት» ስላሉ እሳቱ ከማለዳ ጀምሮ ይነድ ነበር። በየዓመቱ በዝናብ መሬት ላይ የሚሻግትብን ቡና ማድረቂያው ውስጥ እየተገላበጠ ሲደርቅ ሰው አፉን ከፍቶ አየ። በኋላ ኦቦ ጅራታ ሊመርቁ ተነሡ። ያን ጊዜ የማሽኑ ጩኸት ሽማግሌውን እንዳይረብሻቸው ተብሎ ማድረቂያው እንዲቆም ተደረገ። ጩኸቱ ቆመ፤ እሳቱ ግን መንደዱን አልተወም። የመጀመሪያው ጨዋነታችን ይኼ ነው፤ ልብ በል።

ኦቦ ጅራታ በትራቸውን ይዘው ጀመሩ። ሁላችንም መዳፋችንን ዘርግተን ቆምን። «ወንዛችን ሶር አይጉደል» ሲሉ «ሃ ታኡ፣ ይሁን» አልን። «ዝናቡ በልክ ይሁን» ሲሉ «ይሁን» አልን። ይኼኔ ከጋኑ አናት ላይ ያለችው መተንፈሻ ክንዷን አንሥታ ፉጨቷን ለቀቀችው። ማድረቂያው ቆሞ እንፋሎቱ መሄጃ ሲያጣ ምን ታድርግ? የተፈጠረችበትን ሥራ ነው የሠራችው። ግን የኦቦ ጅራታ ድምፅ ተዋጠ። አቆሙና እንደገና ጀመሩ፤ አሁንም ተዋጠ። ሰው ሁሉ ዞሮ አባትህን አየው፤ ልቅሶ ቤት ውስጥ ልጁ የሳቀበት ሰው እንደሚታየው።

አባትህን ላብ አጠመቀው። በር የሚደገፍበትን ድንጋይ አነሣ፣ በገመድ አሰረ፣ ከመተንፈሻዋ ክንድ ላይ አንጠለጠለው። ጸጥ አለ። «እሰይ!» አልን። እኔም ብያለሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

ባለማወቅ አደረገው ብለህ እንዳታዝንለት። ከጉልምስናው ጀምሮ በእንጨት መሰንጠቂያው እንፋሎት ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው፤ ያቺ መተንፈሻ ስትዘጋ ምን እንደሚመጣ ከእኔም ከአንተም በላይ ያውቃል። «ምርቃቱ ሲያልቅ አወርደዋለሁ» ብሎ ነው። ኦቦ ጅራታ ግን እንግዳ ሲያዩ መቼ ቶሎ ይጨርሳሉ! የያዮን ጫካ መረቁ፣ ማሩን መረቁ፣ ጥጃውን፣ መንገዱን፣ መንግሥቱን መረቁ። አባትህ ከእኛ ጋር ተመልሶ ከቆመበት ሆኖ የመለኪያው መርፌ ቀዩን መስመር ሲያልፍ ያያል። በምርቃት መካከል ጀርባ ሰጥቶ የወጣ ሰው በራሱ ላይ እርግማን እንደጠራ መቆጠሩን አንተም ታውቃለህ። «ይህችን ይጨርሱና» ይላል በልቡ፤ ያቺ ስታልቅ ሌላዋ ትመጣለች።

በመጨረሻ ቆርጦ እግሩን አነሣ። እህትህ ዱሬቲ በዓይኗ አይታዋለች። ልክ በዚያች ሰዓት ኦቦ ጅራታ ወደ አንተ ደረሱ፤ «ይህን ጋን በሰው አገር ሆኖ ያሰበልን የደበሳ ልጅ፣ ነመራ፣ በደህና ወደ ቤቱ ይግባ» ሲሉ ሰማ። ያነሣውን እግር መልሶ አሳረፈው። መዳፉን ዘረጋና «ሃ ታኡ» አለ።

ኋላ ሐኪም ቤት ተኝቶ «ምን ሆነህ ነው የቆምከው፣ አንተ ሰው?» ብዬ ስቆጣው የመለሰልኝ ይህን ነው፦

«ለነመራ ሲመርቁ ጥዬ ልሂድ?»

ብርድ ልብሱን እስከ ትከሻው ሳብኩለት።

«ይሁን» ብለን አፋችንን ሳንዘጋ ከጋኑ ጎን ያለው ቧንቧ ከመጋጠሚያው ተላቀቀ። እንፋሎት ቤቱን ሞላው፤ ሰው እርስ በርሱ እየተረጋገጠ ወጣ። አባትህ ወደ ውስጥ ገባ። ድንጋዩ በገመድ ነው የታሰረው፤ ገመዱን ደግሞ እሱ ራሱ ነው ጥብቅ አድርጎ የቋጠረው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ፤ ያ ቋጠሮ አልፈታ አለ። እስኪፈታው ድረስ ሁለት እጁ እንፋሎቱ ውስጥ ነበረ። ድንጋዩ ሲወድቅ መተንፈሻዋ ጮኸች፤ ጋኑም ሳይፈነዳ ቀረ። ከእሱ በቀር አንድም ሰው አልተነካም። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም።

እጁ አሁን በፋሻ ነው። የሐኪም ቤቱ ሰው «እስከ ገና ይሽራል» ብሎናል፤ እኛም ለጠየቀን ሁሉ «እስከ ገና» እንላለን። ባለፈው ሰሞን ግን የጋኑን ክፍል ቁልፍ አብሮት ለሚሠራው ለባጫ እንድትሰጥ ዱሬቲን ላካት። ጢሙን የሚላጭበትን ምላጩንም ለተጂቱ ባል ሰጠው። እኔ አላየሁም ብዬ አለፍኩ። የማጎርሰው እኔ ነኝ። በሠርጋችን ቀን ባጎረሰኝ ጉርሻ ሲመጻደቅብኝ ኖሯል፣ «ይኸው ብድሬን እየመለስኩ ነው» ስለው ይስቃል።

ትንሽ ቆይ። ፉጨቱ ቆመ።

አይቼ መጣሁ፤ ደህና ነው፤ ባጫ እሳቱን ቀንሶት ነው።

ኦቦ ጅራታ ሊጠይቁት መጥተው ነበር። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። «ደበሳ፣ ምርቃት ቢቋረጥ ሌላ ቀን ይመረቃል» አሉት። «በነገርከኝ አቆም ነበር።» አባትህ አቀርቅሮ «እርስዎን ማን ደፍሮ ይንገርዎ፣ ኦቦ?» አላቸው። ሽማግሌው ዕንባቸው መጣ። አየህ፣ እሳቸው ያልጠየቁትን ክብር ነው ስንሰጣቸው የነበረው። ያን ያህል ሰው ቆሞ አንድም «ኦቦ፣ አንዴ ይታገሱን» የሚል ጠፋ። እኔ ምላሰኛዋ እንኳ መርፌው ሲወጣ እያየሁ መዳፌን ዘርግቼ ቆሜያለሁ።

አሁን ለምን ተደብቄ እንደምጽፍልህ ልንገርህ። ከጎሬ ወዲያ የሚተከለው የቡሬው ቡና ፋብሪካ መሠረቱ ወጥቷል። ጋሼ ገብረ መድኅን እንደነገሩኝ ጋኑ ጅቡቲ ደርሷል፤ ቧንቧው የሚገጠምበት ፕላን ግን ከአንተ ቢሮ እየተጠበቀ ነው። ያው የመቱው ፕላን ነው ይላሉ፣ ምንም ሳይለወጥ። ዱሬቲ ደግሞ እዚያ የቡና ለቃሚ ሴቶች አለቃ ሆና ተቀጥራለች፤ የመልቀሚያው ክፍል ከጋኑ ጋር በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያየው። ከገና በኋላ ይመረቃል። የቡሬ ሽማግሌዎች ደግሞ በምርቃት ርዝመት ከእኛዎቹ የባሱ ናቸው። እንቅልፍ የነሣኝ ይኼ ነው ልጄ። ያቺ ልጅ ከግድግዳው ወዲያ ተቀምጣ ቡና ስትለቅም፣ ከወዲህ አንዱ ደህና ሰው ድንጋይ ሲያንጠለጥል ይታየኛል።

ስለዚህ ስማኝ። ማሽንህ ውስጥ ሰነፍ ሰው አስገብተሃል፣ ሰካራም አስገብተሃል፣ አላዋቂ አስገብተሃል። ጨዋ ሰው አላስገባህም። ያልተኛ፣ ያልጠጣ፣ ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ግን ሽማግሌ ሲናገር የማይንቀሳቀስ፣ እንግዳ ፊት እንዳይዋረድ ጋኑን ዝም የሚያሰኝ ሰው አስገባና ምን እንደሚሆን እይ። ማሽንህ ይሉኝታ የሚባል ነገር ያውቅ እንደሆነ አላውቅም፤ ካላወቀ አስተምረው። ምርቃቱንም አስገባ፣ ርዝመቱን ሳትቆርጥ። እዚያ መቶ ጊዜ ይፈንዳ።

እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ግን መተንፈሻዋን ማንም እጁን ሰድዶ የማያገኛት ቦታ አድርጋት፤ ጩኸቷንም በቧንቧ ወደ ሜዳ አውጣው፣ ከሽማግሌ ጋር እንዳትጣላ። ማድረቂያው ሲቆም እሳቱም አብሮ የሚዳከምበት ዘዴ ካለ ፈልግ። የተሻለ ካወቅህ የተሻለውን አድርግ። ብቻ የመቱውን ፕላን እንዳለ እንዳትልክብኝ።

ይኸው አባትህ መጣ። በክርኑ በሩን ገፍቶ ገባና ወረቀቱን አየ። «ለማን ነው?» አለኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብኩለት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ ተቀመጠ። በፋሻ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ፦

«‹ጨዋ ሰው› ያልሽውን አውጪው» አለኝ።

«ለምን?»

«ለልጁ ይከብደዋል። ደበሳ ብለሽ ጻፊ። ደበሳን ያውቀዋል፤ የት ላይ እንደሚቆም አይጠፋውም።»

አላወጣሁትም፤ ለእኔ ሁለቱም አንድ ሰው ነው። ያለህን ግን ይኸው ጽፌልሃለሁ፤ ማሽኑ ውስጥ አባትህን አስገባ። አደራ፣ ሥራህን ጥለህ እንዳትመጣ። መጥተህ እጁን አትመልስለትም፤ እዚያው ተቀምጠህ ግን የሌላውን ሰው እጅ ማትረፍ ትችላለህ። በራስህም እንዳትፈርድ። ጠይቀኸን ነበር፤ ያልነገርንህ እኛ ነን። ደግሞስ ይህን ነገር መቱ ውስጥ ማን እንደ ነገር ቆጥሮት ይነግርህ ነበር?

እንግዲህ ልመርቅህ። ያሰብከው ይሙላልህ፣ የሠራኸው ይጽና፣ በሠራኸው ሰው አይጎዳበት፣ እጅህን እግዜር ይጠብቅልህ። አሜን በል። ግን ልጄ፣ የሚመርቅህ ማንም ይሁን፣ እኔም ብሆን፣ አባትህም ቢሆን፣ በመካከል ጋኑ ከጮኸ ጥለኸን ሂድ። መዳፋችንን እንደ ዘረጋን እንጠብቅሃለን፤ ስትመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

እናትህ አስካለማርያም

አባትህ ደበሳ (ስሙን እኔ ጻፍኩለት)